ጣሳውን ያወጣው ሰው

የሕይወት ታሪክ መጻፍ የተማርኩት ከሙታን ነው። አሜሪካ ከመጣን ሁለት ዓመት ሳይሞላን፣ ሌዊስቪል የምንኖርበት አካባቢ ያለው እድር ኮምፒዩተር ላይ በአማርኛ መጻፍ የሚችል ሰው ሲፈልግ፣ አባቴ እጁን አውጥቶ «ልጄ ትችላለች» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት ከቀብር አስፈጻሚው ቀጥሎ የሚደወለው ለእኔ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ መንገዱ የተጠረገ ነው። ሟች ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ይወለዳሉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ይማራሉ። ካልተማሩም ፊደል ቆጥረዋል ይባላል፤ የሚያጣራ የለም። ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ትዳር፣ እሱም የመጨረሻው ብቻ፣ ከዚያ ልጆች። ቀጥሎ ባሕርይ ይመጣል። ባሕርይ ለሁሉም አንድ ነው፤ ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ። በመጨረሻም ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ያርፋሉ። ከእድሩ ጋር ፍርድ ቤት ሲካሰስ የኖረ አንድ ሰውዬ ሲሞት «ጸብ የማያውቅ» ብዬ ጽፌለታለሁ። ሲነበብ የተካሰሱት ሳይቀሩ አለቀሱ።

ሙያውን ያስተማሩኝ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። «የማታውቂውን ነገር አትዝለዪው» ብለውኛል፤ «ለስለስ አድርገሽ እለፊው። ቀኑን ካላወቅሽ በቅርቡ በዪ። በቅርቡ ማንንም አያስቀይምም።»

ይህች ምክር ናት ኋላ ሰው ያስገደለችኝ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ጎረቤት ከተማ አርሊንግተን ነው። አርሊንግተን ባቡር የለም፤ መኪና የሌለው ሰው ወይ በእግሩ ይሄዳል ወይ አባት ይኖረዋል። እኔ አባት አለኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ እኔን የሚያደርሰኝ ከሥራው በፊት ነው። ስለዚህ ኮርሶቼን የመረጥኩት በፍላጎቴ ሳይሆን በአባቴ ሺፍት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከሺፍቱ ጋር የሚገጥመው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለ ዓለም ሲኒማ ነው።

መምህሯ አንድ ቀን የዳይሬክተሮች ስም የተጻፈባቸውን ቁርጥራጭ ወረቀቶች በኮፍያ ይዛ መጣችና ዕጣ አወጣን። የደረሰንን ሰው ሕይወትና ሥራ አምስት ገጽ ጽፈን ለክፍሉ ማንበብ ነበረብን። ከጎኔ ለተቀመጠው ልጅ የከብት ጠባቂና የሽጉጥ ፊልም የሚሠራ አሜሪካዊ ደረሰው። ለእኔ የደረሰኝ ቤንጋሊ ነበር። መምህሯ ወረቀቴን አይታ «ዕድለኛ ነሽ፤ ፈር ቀዳጅ ነው» አለችኝ። እኔ መምህር ዕድለኛ ነሽ ካለኝ ዕድለኛ ነኝ። አመሰገንኳት። ለወረቀቱም ሳይቀር ጎንበስ አልኩ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ከፊልሞቹ አንዱ ብቻ ነው፤ በዲቪዲ። ቤት ወስጄ ከፈትኩት። ሲጀምር ከሩቅ አንዲት ጀልባ ትመጣለች። ትመጣለች። ሻይ አፍልቼ ስመለስ ገና ትመጣለች። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ትንሽ አየና «ይህቺ ነገር ሞተር የላትም?» ብሎ ሊተኛ ሄደ። እኔ ግን ዕድለኛ መሆኔ እስኪገባኝ ድረስ አፍጥጬ አየሁ። መሃል ላይ ወንዙን ጉም ሸፈነው። ጀልባዋም ቀዛፊዎቹም ቀስ በቀስ ጠፉ፤ የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ቅዳሜና እሑድ እኔም እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ። ከእኛ ጋር ከካልካታ የመጡ አንድ ቤንጋሊ ሽማግሌ ይሠራሉ። ስድሳዎቹን እየጨረሱ ነው፤ ከሚገፏቸው መንገደኞች ግማሾቹ በዕድሜ ያንሷቸዋል። እኛ ሐበሾቹ «ጋሼ» እንላቸዋለን። በሁላችን አፍ ስለሚሰማው አለቃችን አንድ ጊዜ የሺፍት ዝርዝሩ ላይ «ጋሼ» ብሎ ለጥፎታል። እሳቸውም አላረሙትም። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው ግን በጆሮዬ እንደሚሰማኝ ነው።

ዲቪዲውን ያሳየኋቸው ቤንጋሊ ለቤንጋሊ አይጠፋም ብዬ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

ሽፋኑን ከዓይናቸው አራቁት፤ መልሰው አቀረቡት።

«አውቀዋለሁ።»

«ፊልሞቹን አይተዋል?»

«አንዱንም አላየሁም። እሱን ነው የማውቀው። ጣሳ ተሸካሚው ነበርኩ።»

በዚያ ዘመን የተቀረጸው ፊልም የሚቀመጠው በክብ የቆርቆሮ ጣሳ ነው። ጋሼ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ያን ጣሳ አቅፈው ከሰውየው ኋላ ኋላ ሲከተሉ ኖረዋል። ደስታዬ ወሰን አጣ። ሌሎቹ ተማሪዎች ኢንተርኔት ሲቆፍሩ እኔ ሕያው ምስክር አለኝ።

ያን ቀንና በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በረራ በዘገየ ቁጥር አወሩልኝ። ሰውየው የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛው ከሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ፊልም የሚነሣው ቀለም በተቀባ መጋረጃ ፊት ለፊት ፊታቸውን ዱቄት የተነሰነሱ ሰዎች ቆመው ነበር። እሱ ካሜራውን ተሸክሞ ወንዝ ወረደ፤ ቀዛፊ ሲፈልግ ቀዛፊውን ራሱን አቆመው።

«ቀዛፊዎቹ ትወና ከየት ያውቃሉ?» አሉኝ ጋሼ። «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲለፋ ሲያዩት እብድ ነው ብለው ያዝኑለት ነበር። ፊልሙ ላይ ፊታቸው ላይ የምታዪው ሐዘን ለእሱ ያዘኑት ነው። ፈረንጆቹ በዚያ ሽልማት ሰጡት።»

«ጉሙስ? ጉሙን በምን ሠራው?»

«አልሠራውም። ጠበቅነው። ዐሥራ ዘጠኝ ጠዋት ጀልባ ላይ እየተንቀጠቀጥን።»

«በሃያኛው መጣ?»

«መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሥራዬን ለቀቅኩ» አሉና ዊልቸራቸውን እየገፉ ሄዱ።

ጽሑፉን በሦስት ቀን ጨረስኩ። በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ የጻፍኩት በማውቀው መንገድ ነው። ከአባቱ ከአቶ እገሌ ተወለደ፤ የእናቱን ስም ጋሼ ስላላወቁት ለስለስ አድርጌ አለፍኩት። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ተማረ። ሥራ፣ ካሜራ፣ ወንዝ፣ ሽልማት። ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ። መጨረሻው ላይ ስደርስ የሞተበትን ቀን እንዳላወቅኩ አስተዋልኩ። መሞቱን ግን አልተጠራጠርኩም። በሕይወቴ በሕይወት ላለ ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፌ አላውቅም፤ ጻፊልኝ ያለኝም የለም። እትዬን አሰብኩና እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ በቅርቡ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፈ።

እሑድ ዕለት ስሕተት ካለው እንዲያርሙልኝ ብዬ ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ባዶ ዊልቸር ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽሩን አወለቁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ ነበር።

ጽሑፌ ልባቸውን የነካ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«የቱ ክፍል ነው ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ቀጥሎም እንዲህ ያለውን ላበዛው አስቤ።

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የደንብ ልብሱን ሰደርያ አውልቀው ክንዴ ላይ አኑረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዚህ ሥራ ሰደርያ ያለ ሰዓቱ የሚያወልቅ ሰው የለም። ያዩት ሐበሾች ከበቡኝና ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። የድሮ አሠሪያቸው መሞቱን ሰምተው ነው አልኩ። ወሬው ተርሚናል ኤ ላይ አሠሪ ነበር። ተርሚናል ሲ ሲደርስ አጎት ሆነ። ተርሚናል ኢ ላይ የእናታቸው ልጅ ሆኖ አባቴ ሻትል ውስጥ ገባ።

አባቴ ስልክ ደወለልኝ።

«ወንድማቸው መሞቱን በወረቀት ነው የነገርሻቸው?»

«ወንድማቸው አይደለም አባዬ። ማለቴ፣ ለኮርስ የጻፍኩት ነው።»

«መርዶ በወረቀት! ያውም ጌት ሃያ ሁለት ላይ! ሰው መርዶ የሚነገረው በጠዋት፣ ቤቱ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቁጭ ብሎ ነው። አንቺ ወረቀት ሰጥተሽ አሳቅቀሽ...» ድምፁ ተቆራረጠ፤ መንገደኛ እየጫነ ነበር። «ሶ አሁን የሚሆነውን ስሚኝ። ለእትዬ ኮል አድርጌያለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለቅሶ እንደርሳለን። ወረቀቱንም ይዘሽ ትመጪና በወጉ ታነቢላቸዋለሽ።»

ሰኞ ውሎዬ ሁሉ የፍርሃት ነበር። አንድ ነገር ከነከነኝና ዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ክፍል ገብቼ የሞተበትን ቀን ፈለግሁ። አጣሁት። ያገኘሁት ባለፈው ወር ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ ነው። ሰማንያዎቹን አጋምሶ ስለ ጉልበቱ ሲያማርር ነበር። ከሥሩ ፎቶው አለ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጻፍኩትን ያነበበ ይመስል እኔን ይገላምጠኛል።

ቤት ስደርስ እትዬ ወጥ ቤታችን ውስጥ ነበሩ። ስንዴና ሽምብራ ለንፍሮ እየተቀቀለ ነው። የጋሼን ሃይማኖት ስላላወቅን ሁሉም ነገር የጾም እንዲሆን ተወስኗል፤ ምስር በድስት፣ ሽሮ በድስት። አባቴ ጥቁር ከረባቱን እየፈለገ ነበር።

«አባዬ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ሰውየው ምናልባት... ብዙም አልሞተም።»

ቆም ብሎ አየኝ። ዓይኑ ረጠበ።

«ልክ ነሽ። ሥራው ሕያው ነው። ይህችን መጨረሻ ላይ ጨምሪያት።»

«አይ፣ ማለቴ...»

«እትዬ፣ ሰሙ? ብዙም አልሞተም አለች።»

«ተባረኪ» አሉ እትዬ ከድስቱ ቀና ሳይሉ። «ይህቺ ልጅ እኔ ስሞት ነው በደንብ የምትጽፈው።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? እውነቱን ብናገር ድስቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ አባቴ በሁለት ድርጅት ሠራተኞች ፊት ያፍራል። ዝም ብል ደግሞ አንድ ሽማግሌ በሕይወት ላለ ሰው ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስመርጥ አደርኩ፤ ሲነጋ የንፍሮው ድስት ጭኔ ላይ ሆኖ መኪና ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

ጋሼ የሚኖሩት ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው። አባቴ ፓርክ አደረገ፤ ከኋላችን አራት መኪና ተከተለ። እትዬና ሌሎቹ ሴቶች ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ከፊት ሆኑ። ነጭ በእነጋሼም አገር የሐዘን ልብስ መሆኑን ማን ያውቃል? ምራታቸው የሆስፒታል የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩን ከፈተች፤ ነጭ የለበሱ ስድስት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ባሏ በዚያ ሰዓት አውራ ጎዳና ላይ እየነዳ ነበር። በሩን ይዛ ጮኸች።

«አይዞሽ፣ ያንቺ አይደለም!» አለ አባቴ በእንግሊዝኛ። «የአባትሽ ወንድም ነው!»

«አማቴ ወንድም የላቸውም!»

ይህን ጊዜ ጋሼ ከውስጥ መጡ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ጢማቸው አልተላጨም። ሰዉን አዩ፤ ድስቶቹን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው አስገቡን። ጫማችንን አውልቀን በየግድግዳው ሥር ተደረደርን። እትዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ፤ ሁላችንም ተከተልን። ምራታቸው አማቷ ፊልም ሠሪ ዘንድ ሠርተው እንደሚያውቁ ያን ጊዜ ከእኔ ነው የሰማችው፤ ከእሳቸው ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ንፍሮው ታያለች።

«በዪ ልጄ» አሉኝ እትዬ። «ለእሳቸው በእንግሊዝኛ፣ ለእኛ በአማርኛ።»

ሌላ ቅጂ ይዤ ተነሣሁ። አሁን እናገራለሁ ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው «ከአባቱ ከአቶ እገሌ» የሚለው ሆነ። አንብቢ ከተባልኩ አነባለሁ፤ እንዲህ ነው ያደግሁት። አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፣ አንድ በአማርኛ፣ ትምህርት ቤቱን፣ ባቡር መሥሪያ ቤቱን፣ ወንዙን አለፍኩ። ሴቶቹ ከንፈር ይመጥጣሉ። ባሕርይ ላይ ደረስኩ።

«ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ...»

«ምን?» አሉ ጋሼ።

ድገሚ የተባልኩ መስሎኝ ደገምኩት። «ለተቸገረ ደራሽ ነበር።»

«የምን ለተቸገረ ደራሽ!» ጋሼ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ዓይኔ ሞቱ ላይ ሲያርፍ ይህን ዘልዬው ነው! በሃያኛው ጠዋት ጉሙ መጣ። ቀረጸው። ጣሳው እኔ እጅ ላይ ነው። ጀልባዋ ተናጠች፤ እኔና ጣሳው ወንዝ ገባን። እኔ ዋና አላውቅም። እሱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ዘለለ። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ አልኩ በልቤ። በአጠገቤ ዋኝቶ አለፈኝ! አለፈኝ! ጣሳውን ይዞ ወጣ! እኔን ያወጡኝ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ በመረብ!»

ተርጉሜ ጨረስኩ። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። ሳቋን ለማፈን ነው።

«በዚያው ቀን ለቀቅኩ» አሉ ጋሼ፣ አሁን ቀስ ብለው። «አርባ ዓመት ከምናምን የምለውን ሳዘጋጅ ኖርኩ። እዚህ አገር መንገደኛ እየገፋሁ በልቤ ስሰድበው ነው የምውለው። ስልክ ቁጥሩ እንኳ ነበረኝ። ዛሬ ነገ ስል ሞተ። ስድቤን ታቅፌ ቀረሁ። የማለቅሰው ለእሱ መስሏችኋል?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝና።

«ጋሼ» አልኩ፤ «አልሞተም።»

«አዎ፣ ሥራው ሕያው ነው» አለ አባቴ ከኋላ።

«አይደለም አባዬ። ሰውየው ራሱ። በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱን ያመዋል። የገደልኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ስላጣሁ በቅርቡ ብዬ ጻፍኩ።»

ምራታቸው ላፕቶፗን ከፍታ ስታረጋግጥ የቁልፎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አባቴ ከረባቱን ፈታ። እትዬ አየር ስበው ወደ ውስጥ ያዙ፤ ከእድሩ አባረሩኝ ብዬ ስጠብቅ ዞር ብለው ጋሼን አዩዋቸው።

«ታዲያ በሕይወት ካለ ምን ያስቀምጣችኋል? ይደወልለትና ይሰደባ!»

ጋሼ የኪስ ቦርሳቸውን አወጡ። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ከማርጀቱ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። አባቴ የስልክ ካርድ አለው፤ አዲስ አበባ የሚደውልበት ነው። «ጀርባው ላይ ዓለም ሁሉ ተዘርዝሯል» አለና የካርዱን ምስጢር ቁጥር ፍቆ ደወለ። እነሱ ዘንድ ገና ምሽት ነበር። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ምራታቸው ከቤንጋሊ ወደ እንግሊዝኛ፣ እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ።

ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ጋሼ ስማቸውን ነገሩት። ዝም አለ። ዝምታውንም ለእትዬ ተረጎምኩላቸው።

«ጣሳ ተሸካሚው?» አለ በመጨረሻ። «የሰመጠው?»

«የሰመጥኩት።»

«ዋና ተማርክ?»

ሳቁ በሦስት ዙር መጣ፤ መጀመሪያ ምራታቸው፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ የምንችለው፣ መጨረሻ ላይ እትዬ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«አልተማርኩም።»

«ጉሙንስ አየኸው?»

«አላየሁም። አንድም ፊልምህን አላየሁም፤ አላይምም።»

«ሳታይ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን የተናደድከው?»

ጋሼ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እነሆ የአርባ ዓመቱ ስድብ መጣ ብለን ሁላችንም ወደ ስልኩ ተጠጋን። እትዬ ልጆች እንዳይሰሙ ዙሪያውን ገላመጡ።

«አንተ...» አሉ ጋሼ። ፊታቸው ቀላ። «አንተ... አንተ ጣሳ!»

ይኸው ነበር። በዚያኛው ጫፍ ሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም አልቆም አለ። ለአፍታ ጽሑፌ እውነት ሊሆን ነው አልኩ። ሲረጋጋ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ጣሳው ቅርብ ነበር።»

«ቅርብ እኔ ነበርኩ» አሉ ጋሼ።

ካርዱ ውስጥ ያለችው ሴት ጣልቃ ገብታ አንድ ደቂቃ እንደቀረ በእንግሊዝኛ ነገረችን።

«አዎ» አለ ሰውየው። «ቅርብ አንተ ነበርክ።»

ሌላም ነገር ተናገረ፤ መስመሩ መሃሉ ላይ ተቋረጠ። ጋሼ ስልኩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተቀመጡና፣ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ «ምንድን ነው ያመጣችሁት?» ብለው ወደ ድስቶቹ አመለከቱ።

የተሠራ ስለሆነ ተበላ። ንፍሮው በየእፍኙ ሲታደል ምራታቸው ይህ የሚበላው ሰው ሲሞት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። አማቷ ደግሞ ጨምሩልኝ ይላሉ። ዲቪዲው ለቤተ መጻሕፍቱ የምመልሰው ስለሆነ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እኔ አላወጣሁትም፤ አባቴ ነው። «አላይም ብለው ምለዋል፤ ግን ስድቡ ወጥቷል» አላቸው። ጋሼ ትከሻቸውን ሰበቁ።

ጀልባዋ መጣች። መጣች። የለቅሶው ሰው በየግድግዳው ሥር ሳህኑን ይዞ ያያል። እትዬ ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አባቴ ስለ ሞተሩ ደግሞ ሊጠይቅ ሲል አየሁትና ገላመጥኩት። ከዚያ ጉሙ ወረደ። ጋሼ ተነሥተው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዱ፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። ጀልባዋ ጠፋች፤ ሰዎቹ ጠፉ። የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ሲቀር ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ከቴሌቪዥኑ ወጣ ብሎ ያለውን ባዶ ግድግዳ በጣታቸው ነኩት።

«እዚህ ጋ ነኝ» አሉ። «ጣሳውን ለመቀበል እዚህ ጋ ተቀምጬ ነው።»

ግድግዳውን ሁላችንም አየነው።

ሲያልቅ እሑድ የሰጠኋቸውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ነገ ነው የምታነቢው?»

«አዎ ጋሼ። መጨረሻውን ሌሊቱን አስተካክለዋለሁ፤ አስነሣዋለሁ።»

«‹ለተቸገረ ደራሽ› የምትለዋንም ሰርዢ።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁና ሰረዝኩ። ባሕርይ ላይ ባዶ ቦታ ትቼ አላውቅም፤ በምን ልተካው ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋሼ አንድ ሽምብራ ወደ አፋቸው ወርውረው እያኘኩ አሰቡ።

«ጎበዝ ዋናተኛ በዪ።»